ደንገጎ ላይ ብቻ የሚቆርጥ ሞተርና ሳቢያን ያለው ጋራዥ

አራት ወር ሙሉ ያሰቃየኝን የመኪና ችግር አንድ የድሬ ዳዋ መካኒክ በሁለት ቀን ከሰዓት አገኘልኝ። ጋራዡ ሳቢያን ሰፈር ነው ያለው። ቦርድ የለውም፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ብቻ። እንዴት እንዳገኘው ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እንደኔ ለማያስፈልግ ዕቃ ብር እየከፈለ ያለ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

መኪናዬ የ2004 ያሪስ ናት። 1300 ሲሲ፣ ቤንዚን፣ ማንዋል። ከተማ ውስጥ ምንም የለባትም። ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን አሸዋ ቀኑን ሙሉ ብትነዳት ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞረው ዙር) የተስተካከለ፣ ጉልበቷም ደህና ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ሐረር ስወጣ ነው። እናቴ ሐረር ስለሆነች በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ እወጣለሁ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ የደንገጎን ዳገት ስጀምር፣ በሶስተኛ ማርሽ ቤንዚን ረገጥ ሳደርግ መኪናዋን ድንገት ያስነጥሳታል። ወደፊትና ወደኋላ ትንጠናለች። የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እግሬን ሳነሳ ትተወዋለች። ዳገቱን ጨርሼ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄደውን መንገድ ከያዝኩ በኋላ በሐሮማያ፣ በአወዳይ አድርጌ ሐረር እስክገባ ድረስ ምንም እንዳልነበረ ሰላም ትሆናለች።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ይሄ ነው ሰው የሚያሳብደው። ጋራዥ ስትወስዳት ጤነኛ ናት፣ መካኒኩ አስነስቶ ሰምቶ "ምንም የለባትም" ይልሃል፣ አንተም ውሸታም ትመስላለህ።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አንድ አይሱዙ ልቀድም ወጥቼ መሀል ላይ ቆረጠችብኝ። ከላይ ጫት የጫነ ፒክአፕ መብራቱን እያበራ ይወርዳል። የእነሱን አነዳድ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። እንዴት ፍሬን ይዤ ከአይሱዙው ኋላ ተመልሼ እንደገባሁ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ሐረር መውጣት ፈራሁ፣ እናቴን ለማየት ሚኒባስ መጠቀም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው "ቤንዚኑ ነው" አለኝ። እኔም አመንኩ፣ ምክንያቱም ማደያ ላይ ወረፋ ሲበዛ አንድ ሁለቴ መንገድ ዳር ከጀሪካን ቀድቻለሁ። ታንከሩን አስጠርጌ ከማደያ ሞላሁ። ለውጥ የለም። አንድ ዘመዴ ደግሞ "ደጋ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነው" አለኝ። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1900 ትጠጋለች፣ ስለዚህ ነገሩ እውነት ይመስላል። ግን እዚያው ከፍታ ላይ ሜዳው ላይ ስነዳት ደህና ናት። አየር ቢሆን ኖሮ ሐረር ከተማ ውስጥም ታስነጥስ ነበር።

ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም። የመመርመሪያ ኮምፒውተር ገጠመ፣ "ሚስፋየር ነው" (ሞተሩ እየሳተ ነው ማለት ነው) አለ፣ ብልጭታ የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለት ሳምንት እንደ አዲስ ሆነች! ደንገጎን እየዘፈንኩ ነው የወጣሁት። በሶስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር አጠበ። መጣ። የቤንዚን ፓምፕ ቀየረ። አሁንም መጣ። በየጊዜው መኪናዋ የመዘገበችውን የስህተት ኮድ ያጠፋዋል፣ መብራቱ ሲጠፋ "አለቀ" ይለኛል። በመጨረሻ የመኪናዋ ኮምፒውተር ራሱ መቀየር አለበት ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። እስከዚያ ከ20 ሺህ ብር በላይ ከፍያለሁ።

የሳቢያኑን ሰውዬ ያሳየኝ ታክሲ የሚሰራ ጎረቤቴ ነው። ሰውየው በእድሜ ከአባቴ አያንስም። ግን ድሬ አይደለን፣ አንቱታ የለም፣ እሱም "አቦ" ይለኛል፣ እኔም "አቦ" እለዋለሁ። ስደርስ ኮፈኑን ይከፍታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልከፈተም። በርጩማ ሰጠኝና ደብተር አወጣ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቀኝ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይም? በስንተኛ ማርሽ? ኤሲ ሲበራ ይብሳል? እግርህን ስታነሳ ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል? መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ምን ምን ተቀየረ፣ ከተቀየረ በኋላ ስንት ቀን ቆየ? የካንዴላውን ሁለት ሳምንት ስነግረው እስክሪብቶውን አቁሞ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩት። ከስሩ አሰመረበት።

ቀጥሎ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። "መጀመሪያ የመጣ ቀን የት እየሄድክ ነበር?"

ቁልቢ። ለታህሳስ 19 ቤተሰቤን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል ስወጣ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነጠሳት።

"ለክብረ በዓሉ ብለህ ላቫጆ አስገብተሃታል?"

አስገብቻታለሁ። ሞተሯን ጭምር ነው ያሳጠብኩት። የድሬን አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኮፈኑን ከፍተው በሃይለኛ ውሃ ነው የለቀቁባት። ይሄንንም ጻፈና ምንም ሳይለኝ ደብተሩን ዘጋ።

ከዚያ ነው ኮምፒውተሩን የገጠመው። ሁለት ኮድ ነበር፣ ፒ0300 እና ፒ0303። ያኛው ጋራዥ የነገረኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሰውየው እንዲህ አስረዳኝ። 0300 ሞተሩ እየሳተ ነው ማለት ነው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ አልለየም። የመጨረሻው ቁጥር ከዜሮ ወደ ሌላ ሲቀየር ግን የሲሊንደሩ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ 0303 ሶስተኛው ሲሊንደር ነው። አንደኛው ሲሊንደር በቺንጊያው በኩል ያለው ነው፣ ከዚያ ትቆጥራለህ። የመኪናዋ ኮምፒውተር ደግሞ ብልጭታውን አያየውም። የሚያየው የሞተሩን ዋና ዘንግ አዟዟር ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ዘንጉ በትንሹ ይፈጥናል፣ አንዱ ሳይተኩስ ሲቀር ያቺን ታህል ይዘገያል። ይህን መዘግየት ይቆጥራል እንጂ ያዘገየው ካንዴላ ይሁን፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ኮይል ይሁን፣ ኢንጀክተር ይሁን፣ የቫልቭ ችግር ይሁን አያውቅም። ኮድ አንብቦ በቀጥታ ዕቃ መቀየር ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ሌላም አሳየኝ። ኮዱ ሲመዘገብ መኪናዋ በዚያች ሰከንድ የነበረችበትን ሁኔታ አብራ ትይዛለች። የኔ እንዲህ ይላል፣ የሞተር ሙቀት 94 ዲግሪ፣ ፍጥነት በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር፣ ጭነት 88 በመቶ። "ይሄ ደንገጎ ነው" አለኝ እየሳቀ። ያኛው ጋራዥ ኮዱን ባጠፋ ቁጥር ይህንንም አብሮ ያጠፋው ነበር። እባካችሁ ኮድ ከመጥፋቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ወይም ጽፋችሁ ያዙት።

የፓምፑ ነገር ሲገባኝ በጣም ነው የቆጨኝ። ፓምፕ ቢደክም ቤንዚን የሚያንሰው ለአራቱም ሲሊንደር ነው፣ ሶስተኛውን ብቻ መርጦ አያስርበውም። ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር በትክክል ማንበብ ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ምንም አልነካም። "ችግሩን ሳላየው ዕቃ አልፈታም፣ ነገ ከሰዓት እንውጣ" አለኝ።

በማግስቱ ወደ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ወጣን። ሚያዝያ ነው፣ ሙቀቱ ያቃጥላል። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ፣ ረዳቱ ልጅ ታብሌቱን ይዞ ከኋላ። ታብሌቱ ላይ አራቱ ሲሊንደሮች ተደርድረው እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሳተ ይቆጥራል። ሰውየው ሆን ብሎ መኪናዋን በማያመች ሁኔታ ነው የሚነዳት፣ በሶስተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት እግሩን እስከ ወለሉ ረግጦ። አስር ደቂቃ ወጣን። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ልቤ ወረደ። እሱ ምንም አልመሰለውም። አዙሮ ወረደና እንደገና ወጣ።

በሁለተኛው ላይ መጣ። መኪናዋ ስታስነጥስ ልጁ ከኋላ "ሶስት! ሶስት ነው!" ብሎ ጮኸ። ሲቆም ቁጥሩ 47 ደርሷል፣ ሌሎቹ ሶስቱ ዜሮ ናቸው። ለአራት ወር ማንም ያላየልኝን ነገር ሌላ ሰው በአይኑ ሲያይልኝ ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ መናገር አልችልም።

ዳር ይዘን ቆምን። ሞተሩ በረድ እስኪል ጠበቀና የሶስተኛውን ኮይል ነቅሎ የአንደኛው ቦታ ላይ፣ የአንደኛውን ሶስተኛው ላይ አደረገ። በዚህች መኪና ኮይሉ ካንዴላው አናት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ባለ 10 ቡሎንና አንድ ሶኬት ነው ያለው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሃሳቡ ቀላል ነው። ኮይሉ ከሆነ የታመመው ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ይሄዳል። ካልሄደ ኮይሉ ነፃ ነው፣ ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን ታያለህ። ለመሞከር አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

እንደገና ወጣን። አሁን በሁለቱም ላይ መጣ። አንደኛው 22፣ ሶስተኛው 9።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። በቃ ኮምፒውተሯ ነው፣ ያኛው ሰውዬ ልክ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ግን "አሁን ገባኝ" አለ። መኪናዋን አዙሮ ቀስ ብሎ ወደ ጋራዡ ወረደ፣ መንገዱን ሙሉ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ጋራዥ ገብተን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሶስተኛውን ካንዴላ ፈታ። በጨርቅ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረልኝ። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ጫፉ ንጹህ፣ ቃጠሎው ደህና ቡናማ። ነጩ ሸክላ ላይ ግን ከላይ ከብረቷ ራስ ተነስታ እስከ ታችኛው ብረት የምትወርድ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። በእርሳስ የተሰመረች ነው የምትመስለው። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠረገው፣ አልለቀቀም። ጥፍሬን ሰደድኩበት፣ ምንም አይሰማም። ከሸክላው በታች ያለው ብረት ዙሪያውን ዝጓል። ቀጥሎ መጀመሪያ ሶስተኛው ላይ የነበረውን ኮይል አመጣና ካንዴላውን የሚሸፍነውን የጎማ አንገት በስልኩ መብራት ውስጡን አሳየኝ። ያችው መስመር ጎማው ውስጥም ተቃጥላለች። ካንዴላውን ጎማው ውስጥ ከትቶ እያዞረ ሁለቱን መስመሮች ፊት ለፊት አገጣጠማቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር በበዛ ቁጥር ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ስትነዳ አየሩ ትንሽ ነው፣ ብልጭታው በቀላሉ ይዘላል። ዳገት ላይ እስከ ወለሉ ስትረግጥ ሲሊንደሩ ይሞላል፣ ቮልቱ ይጨምራል፣ ያን ጊዜ መብረቁ ሌላ ማምለጫ ካገኘ በዚያ ይሄዳል። ማምለጫው ያቺ መስመር ናት። በሸክላውና በጎማው መሀል ወርዶ ከብረቱ ጋር ይገናኛል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ አይኖርም፣ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣል። መስመሯን የጀመራት ደግሞ ላቫጆው ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገብቶ ተኛ፣ ዝገቱ ምስክር ነው፣ እርጥበቱ ለመብረቁ የመጀመሪያውን መንገድ ከፈተለት። ውሃው ደረቀ፣ መንገዱ ቀረ።

የሁለት ሳምንቱ ነገርም እዚህ ላይ ተፈታ። ያኛው ጋራዥ ካንዴላ ሲቀይር ግማሹን በሽታ አውጥቷል። የተቃጠለው ጎማ ግን እዚያው ቀረና አዲሱን ካንዴላ ቀስ በቀስ አቃጠለው። ኮይሎቹን ስናቀያይር በሁለቱም ላይ የመጣውም ለዚህ ነው። መጥፎው ጎማ ጤነኛውን አንደኛ ካንዴላ አሳተው፣ መጥፎው ሶስተኛ ካንዴላ ደግሞ ጤነኛውን ጎማ ይዞም ሳተ። አንዱን ብቻ ብትቀይር ሌላው ያበላሸዋል።

ጎማውን ለብቻው መቀየር ይቻል ነበር፣ በዚያ ሳምንት ግን ለብቻው አላገኘንም። አንድ ሙሉ ያገለገለ ኮይል በ3200 ብር ገዛሁ። አራት ካንዴላም ገዛን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዴንሶም የኤንጂኬም ካንዴላ ቁጥር መጨረሻ ላይ 11 ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሰውየው ከፓኬቱ ያወጣውን እያንዳንዱን ለካ፣ አንዱ ጠባብ ሆኖ ስላገኘው መልሶ ሰጠኝና አስቀየርኩ። ጉድጓዶቹን በአየር አደረቀ፣ የጎማዎቹን ውስጥ ስስ ሲሊከን ቅባት ቀባ፣ ገጠመ። ለምርመራው 1500፣ ለስራው 800 ብር ከፈልኩት። በማግስቱ ሶስታችን እንደገና ደንገጎ ወጣን፣ ሁለቴ፣ በዚያው በማያመች አነዳድ። አራት ዜሮ።

አሁን ሰኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአስራ አምስት ጊዜ በላይ ሐረር ወጥቻለሁ። አንዴም አላስነጠሳትም።

የማልወደውም አለ፣ እሱንም ልጻፍ። ደረሰኝ አይሰጥም። ለስራው የሚሰጠው ዋስትና የቃል ነው። በቀን ከሶስት መኪና በላይ አይቀበልም፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ስልክ ሲሰራ አያነሳም። መቀመጫ የለም፣ ጥላ ያለው አንዱ ዛፍ ስር ብቻ ነው፣ እዚያም ቀድሞህ የመጣ ሰው ይኖራል። ያገለገለውን ኮይል ከገዛሁበት ሱቅ ጋር ጸብ ቢነሳ እሱ መሀል አይገባም፣ ይህንንም አስቀድሞ ነግሮኛል። ለምርመራ ብቻ 1500 ብር ውድ ነው የሚሉ አሉ፣ አንዱ እዚያው ዛፍ ስር ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። እኔ ውድ አልለውም። የሁለት ቀን ከሰዓቱን፣ የራሱንና የልጁን ጊዜ፣ ደጋግሞ ዳገት መውጣትን ነው የከፈልኩት። ያለ ምርመራ የቀየርኩት ፓምፕ ብቻውን ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ነበር፣ ለእናንተም ይጠቅማል። መብራቱ ቀጥ ብሎ ሲበራ ቀስ ብለህ ጋራዥ መድረስ ትችላለህ። ብልጭ ድርግም ሲል ግን እግርህን ወዲያው አንሳ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወርዶ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ይቃጠላል፣ እሱን ያቀልጠዋል፣ የእሱ ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ እየረገጥኩ ነበር የወጣሁት። የኔን አይቶ ደህና ነው ብሎኛል።

ሞተር ማሳጠብ ካለባችሁ ደግሞ ኮይሎቹን በላስቲክ አሸፍኑ፣ ውሃውን በግፊት እንዳይለቁት ንገሯቸው፣ ከታጠበ በኋላ በአየር ያድርቁት። እኔ አሁን በእርጥብ ጨርቅ ነው የማስጠርጋት።

መሄድ የምትፈልጉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ሁኑ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ይዘጋል፣ አርብ ከሰዓት አይሰራም። ከዚያ በፊት የቀየራችሁትን ዕቃ በሙሉ ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ናፍጣ መኪና አይቀበልም። ክፍያ በቴሌብር ይሆናል።